ቴሌስኮፑ ለጊዜው አልጋ ሥር ይግባ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዕትም ስለ ሰርግ ፎቶ ስጽፍ በመሃል አንድ ነገር ጣል አድርጌ ነበር። «ሰርግ በሌለኝ ማታ ኮከብ አነሳለሁ» ብዬ። ስለ ሰርጉ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ስለ ኮከቡ ግን ደብዳቤው ጎረፈ። ሦስቱን መርጬ ልመልስ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ማራኪ አካባቢ የምኖር ተማሪ ነኝ። ወደ ውጭ ከሚሄድ ሰው ላይ ያገለገለ ቴሌስኮፕ ገዛሁ። መስታወቱ 114 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ 900 ነው። አጎቴ ደግሞ ካኖን 1100ዲ ካሜራውን ከ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር ሰጠኝ። ካሜራውን ቴሌስኮፑ ላይ ገጠምኩት፤ ፎከስ አልያዘም። በስንት መከራ የያዘ ሲመስለኝ ኮከቡ ሁሉ እንደ ትል ተጎትቶ ወጣ። ምኞቴ የኦሪዮንን ኔቡላ ማንሳት ነው። የተበላሸው ቴሌስኮፑ ነው ወይስ እኔ ነኝ? ጀማሪው፣ ከማራኪ»

ወንድሜ፣ ሁለታችሁም ደህና ናችሁ። ችግሩ የተገናኛችሁበት መንገድ ነው።

መጀመሪያ ፎከሱን እንየው። ያ ቴሌስኮፕ የተሠራው በዓይን ለሚያይ ሰው ነው። ምስሉ የሚያርፈው ከዓይን ማያው አፍ ብዙም ሳይርቅ ነው። የካሜራህ ሰንሰር፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል፣ ደግሞ ከካሜራው አፍ ወደ ውስጥ ጠልቆ ነው የተቀመጠው። ሁለቱ አይገናኙም። ባርሎው የሚባል ትንሽ ሌንስ በመሃል ቢገባ ምስሉን ወደ ውጭ ይገፋልሃል። ግን 900ውን 1800 ያደርገዋል፣ ሁለተኛውን ችግርህንም እጥፍ ያደርገዋል። ዋናውን መስታወት በረጃጅም ብሎን ወደ ላይ የሚያስጠጉ ሰዎችም አሉ። አንተ ገና ነህ፣ አትንካው።

ትሉ ከየት መጣ? ምድር ስለምትዞር ኮከቡ ይሄድብሃል። በዓይንህ ስታየው የቆመ ይመስላል እንጂ በ900 ሚሊ ሜትር ሲጎላ ሩጫውም አብሮ ይጎላል። ቀላል ሒሳብ አለችው። የሌንሱን የትኩረት ርዝመት በ1.6 ታባዛለህ፤ የካሜራህ ሰንሰር አነስ ያለ ስለሆነ ነው። ከዚያ 500ን ለዚያ ታካፍላለህ፤ የሚወጣው ኮከቡ ሳይጎተት የምታነሳበት ሰከንድ ነው። በቴሌስኮፑ ስትሠራው የሰከንድ ሲሶ ያህል ብቻ ይወጣል። በ50 ሚሊ ሜትሩ ግን 6 ሰከንድ ይሰጥሃል። እኔ 6ቱንም አላምነውም። ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ በሰማዩ ወገብ፣ ከምድር ወገብ ትክክል በላይ ባለው መስመር፣ ላይ ስለሆነ እርምጃው ፈጣን ነው። 4 ሰከንድ በለው።

እንግዲህ የምመክርህ ይሄን ነው፤ እንደማይጥምህ አውቃለሁ። ቴሌስኮፑን ፎጣ አልብሰህ አልጋ ሥር አስገባው። ጨረቃን፣ የጁፒተርን አራት ጨረቃዎችና የሳተርንን ቀለበት ለማየት ታወጣዋለህ። ኔቡላውን፣ ያን በኮከቦች መሃል ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና፣ በአጎትህ ካሜራና በ50 ሚሊ ሜትሩ ጀምር።

ይሄን የምልህ ቱቦ፣ ማለትም ቴሌስኮፕ፣ ስለማልወድ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሰርጉን ሁሉ ሲያስቀርብን ካሜራዎቼ መሳቢያ ውስጥ ተኙ። ሰኔ 14 ጠዋት ፀሐይ ላሊበላ ላይ ቀለበት ሠራች፤ እኛም እዚህ ጎንደር በከፊል ተሸፍና አየናት። ያን ቀን ነው የያዘኝ። ወዲያው አንድ ያገለገለ ትልቅ ቱቦ ገዛሁ። ሲያዩት እንደ ፋሲል ግንብ ግርማ ሞገስ ነበረው። እግሩ ግን እንደ ተወለደ ግልገል ይብረከረካል። ጎረቤት በር ሲዘጋ ኮከቡ ይዘላል። ስድስት ወር ታገልኩት፤ አንድ የረባ ፎቶ አላነሳሁም። በዚህ ሥራ ገንዘብህ መጀመሪያ የሚገባው እግሩ ላይ ነው፣ ቱቦው ኋላ ይደርሳል። ሻጩ ግን ሁሌም የሚያሳይህ ቱቦውን ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ካሜራውን ጠንከር ያለ ትራይፖድ ላይ አድርግ። በመሃል እግሩ ላይ ድንጋይ የያዘ ፌስታል አንጠልጥልበት። ሌንሱን ከአውቶፎከስ አውጣ። ስክሪኑን በላይቭ ቪው ክፈትና ደማቅ ኮከብ ላይ አነጣጥረህ 10 ጊዜ አጉላው። ኮከቡ የመርፌ ጫፍ እስኪያክል የሌንሱን ቀለበት በቀስታ አዙር። ሲደርስ ቀለበቱን በፕላስተር ለጥፈው። አደራ፣ ይቺን ፕላስተር እንዳትንቃት። የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ 1.8 ላይ ከፍተህ አትተኩስ፤ ጠርዝ ላይ ያሉት ኮከቦች ክንፍ ያወጣሉ። ወደ 2.8 አጥብበው። አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት መጠን) 1600፣ 4 ሰከንድ፣ ፋይሉ ራው፣ ማለትም ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል፣ ይሁን። ከዚያ ሪሞቱን ይዘህ 300 ፎቶ አንሳ። አዎ፣ ሦስት መቶ። ካርድህ ላይ 5 ጊጋ ባይት ያህል ይይዛል፣ በየመሃሉም ኮከቡን ወደ ፎቶው መሃል ትመልሰዋለህ።

ሦስት መቶ ለምን? ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ ቆመህ ታውቃለህ። ሕዝቡ በየፊናው ሲያወራ አንድም ቃል አትለይም። እልልታው ግን ከሁሉም አፍ አንድ ላይ ስለሚወጣ ማዶ ድረስ ይሰማል። ፎቶም እንደዚያ ነው። ፎቶዎቹ በኮከቦቻቸው ሲገጣጠሙ ኔቡላው በሁሉም ላይ አንድ ቦታ ነው ያለው። የካሜራው ጫጫታ፣ ያ ነጠብጣቡ፣ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ይለያያል። ስትደራርባቸው ኔቡላው ይጠነክራል፣ ጫጫታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። 4 ፎቶ ብትደርብ ጫጫታው በግማሽ ይወርዳል። 100 ብትደርብ ወደ አንድ አሥረኛ። ይሄን የሚሠሩ ነፃ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ዲፕ ስካይ ስታከርና ሲሪል። ሁለቱም አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራሉ። ቀስ ይላሉ እንጂ ይሠራሉ። ጀምረሃቸው ቡና ማፍላት ነው።

ስትጨርስ የሌንሱን ክዳን ግጠምና በዚያው 4 ሰከንድ፣ በዚያው አይ ኤስ ኦ፣ እዚያው ብርዱ ላይ 30 ጨለማ ፎቶ ጨምር። ሶፍትዌሩ የሰንሰሩን እንከን የሚያውቀው ከነሱ ነው። ሲነጋ ደግሞ ንጹሕ ነጠላ ሁለት እጥፍ አድርገህ ሌንሱ አፍ ላይ ወጥረህ እሰርና፣ ፎከሱን ሳትነካ፣ ገና ፀሐይ ባልወጣበት ሰማይ ላይ 30 ፎቶ አንሳ። እነዚህ የማዕዘኑን ጨለማና የአቧራውን ጥላ ያጠፉልሃል። የውጭዎቹ ነጭ ቲሸርት ነው የሚጠቀሙት። ነጠላ ይበልጣል፤ ሽመናው ስስ ስለሆነ ብርሃኑን እኩል ያሰራጨዋል። ጥለት በሌለበት በኩል መሆኑን እይ። እኔ አንዴ በጥለቱ በኩል አስሬው የኦሪዮን ቀበቶ ላይ አረንጓዴ መስመር አልፎ ተገኝቷል።

ይሄ አንድ ወር ይበቃሃል። ከዚያ 4 ሰከንድ ያንስሃል። ያን ጊዜ ውድ ማውንት፣ ኮከቡን እየተከተለ የሚዞር መሸከሚያ፣ ከመመኘትህ በፊት አናጺ ጋ ሂድ።

ሁለት ጣውላ፣ አንድ ጠንካራ የበር ማጠፊያ፣ አንድ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ከነዳዶው። ጣውላዎቹን እንደ መጽሐፍ በማጠፊያው ታያይዛለህ። የታችኛው ትራይፖዱ ላይ ይታሰራል፣ የላይኛው ካሜራውን ይሸከማል። ዳዶው በታችኛው ጣውላ ውስጥ ይቀበራል፤ ብሎኑ ከሥር ገብቶ የላይኛውን ይገፋል። ከማጠፊያው መሃል እስከ ብሎኑ መሃል 229 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ብሎኑን በደቂቃ አንድ ዙር ካዞርከው የላይኛው ጣውላ ልክ በሰማዩ ፍጥነት ይከፈታል። በየ15 ሰከንዱ ሩብ ዙር። በዚህ ጣውላ በ50 ሚሊ ሜትር 60 ሰከንድ ታነሳለህ። ከ4 ወደ 60!

እዚህ ላይ የሠራሁትን ጥፋት ልንገርህ። የመጀመሪያዬን ፒያሳ አካባቢ ያለ አናጺ ሠራልኝ፤ ሥራው ልቅም ያለ ነበር። 229ኙን እኔው በማስመሪያ ለካሁ። ማታ ሳነሳ ኮከቡ ሁሉ ተጎተተ። አናጺውን ወቀስኩ፣ ማጠፊያውን አስለወጥኩ፣ ትራይፖዱን ለወጥኩ። ሦስት ሳምንት! በኋላ ብሎኑን ከማስመሪያ ጎን አስቀምጬ ጥርሱን ስቆጥር አሥሩ ጥርስ 10 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው 12.7 ሆኖ አገኘሁት። የኢንች ብሎን ነበር። በዓይን አይለይም። ለእሱ ርቀቱ 290 ሚሊ ሜትር ነው። አናጺውን ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱም «ጋሼ፣ በመጀመሪያ ብሎኑን ቢያሳዩኝ ኖሮ» አለኝ። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ጥርሱን ቁጠር።

የማጠፊያው ዘንግ ወደ ሰማዩ ሰሜን ዋልታ፣ የሰሜን ኮከብ ወዳለበት፣ ማነጣጠር አለበት፤ ፊትህን ወደ ሰሜን ስታዞር ማጠፊያው በግራህ ይሁን። የኛ አገር ጣጣ እዚህ ይመጣል። የሰሜን ኮከብ ከፍታ ከቆምክበት ኬክሮስ ጋር እኩል ነው። ጎንደር ላይ 12 ዲግሪ ተኩል ብቻ ነው። ክንድህን ዘርግተህ ከአድማሱ በላይ አንድ ጭብጥ፣ በላዩ ላይ አንድ ጣት ተኩል። እዚያ ዝቅታ ላይ ጭስ አለ፣ አቧራ አለ፣ ብዙ ሰው ግቢ ደግሞ ኮረብታ ወይ የጎረቤት ፎቅ ይሸፍነዋል። ካልታየህ የስልክህን ኮምፓስ ተጠቀምና ለማጠፊያው 12 ዲግሪ ተኩል ተዳፋት ስጠው። ለ50 ሚሊ ሜትር ይበቃል። የፋብሪካ ማውንት የገዛህ ጊዜም ይሄን አስታውስ፤ ብዙዎቹ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ኬክሮስ የታሰቡ ናቸው። ወደ 12 ዲግሪ ስታወርዳቸው ሚዛን መጠበቂያው ክብደት ከእግሩ ጋር ይጋጫል። ሳትሞክር ገንዘብ አትክፈል።

በምትኩ የኛ ሰማይ የሚሰጠን አለ። ኦሪዮን እዚህ ከአናታችን ብዙም አይርቅም። በከተራ ማታ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ቀና ብለህ ብታይ ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ደግሞ በደቡብ በኩል ኦሜጋ ሴንቶሪ የሚባለው ግዙፍ የከዋክብት ክምችት 30 ዲግሪ ያህል ይወጣል። ለንደን ያለ ሰው ከነ ውድ ዕቃው እሱን ከቤቱ አያየውም። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ካሜራህን አድርቀህ አስቀምጥ፣ የክረምት ነገር ታውቀዋለህ። ጨረቃ በሞላችበት ሳምንትም ተኛ። መብራት የጠፋ ማታ ደግሞ ሩጥ። ሰፈሩ ሲያማርር እኔ ትራይፖድ ይዤ ስወጣ ባለቤቴ «ያንተስ የተለየ ነው» ትለኛለች።

«ለአቶ ጸሐፊው። ልጄ ማታ ማታ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እየወጣ ኮከብ ያነሳል። ብርዱ ይገድለዋል። ሰፈርተኛውም ኮከብ ቆጣሪ ሆነ እያለ ያማዋል። እርስዎ ነዎት የጀመሩት ብሎኛልና ይምከሩልኝ። እናት፣ ከቀበሌ 18»

እማማ፣ ጣሪያው ላይ ሙሉ በሙሉ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ይውረድ። ለአጥንቱም ለፎቶውም አይሆንም። ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ሲለቅም አየሩን ያርገበግበዋል። ግቢው መሬት ላይ ይሥራ፣ ጋቢዎን ያውሱት። አንድ ነገር ደግሞ ይንገሩልኝ። ለጎረቤትና ለአካባቢው ጥበቃ አስቀድሞ ያሳውቅ። በጨለማ ቱቦ ነገር ሦስት እግር ላይ ቆሞ ሲታይ ሰው ሌላ ነገር ይመስለዋል። በዚህ ጊዜ አያስፈልግም።

ሐሜቱን ይተዉት። ኮከብ ቆጣሪ ዕጣ ፈንታህን እነግርሃለሁ የሚል ነው። የእርስዎ ልጅ ብርሃን ነው የሚለቅመው። ደግሞስ ሊቃውንቱ በባሕረ ሐሳብ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት በ19 ዓመት ንዑስ ቀመር አስልተው አይደል ጾሙንና በዓሉን የሚያወጡልን? እንጦጦ ተራራ ላይም መስታወታቸው አንዳንድ ሜትር የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። እዚያ የሚሠሩትም የሰው ልጆች ናቸው። ጠዋት ያነሣውን እንዲያሳይዎት ያድርጉት። ያኔ ይፈርዳሉ።

«ወንድም ጋሼ፣ አንድሮሜዳ ጋላክሲን በ50 ሚሊ ሜትር አነሳሁ። 80 ፎቶ በ4 በ4 ሰከንድ፣ ደረብኩት። የወጣልኝ ግራጫ ጭጋግ ነው፣ ያውም ትንሽዬ። ስልኬ ላይ የማየው ሁሉ ቀለም አለው። አንድ ልጅ የካሜራሽን ማጣሪያ አውጪው አለኝ። ላውጣው? ነርስ፣ ከአዘዞ»

እህቴ፣ አታውጪው!

ልጁ ያለው ነገር ከመሬት የተነሳ አይደለም። ካሜራ ሰንሰሩ ፊት ማጣሪያ አለው። ይሄ ማጣሪያ የሃይድሮጅንን ጥልቅ ቀይ፣ 656 ናኖ ሜትር ላይ ያለውን፣ አብዛኛውን ያስቀረዋል። ለዚህ ነው አንዳንድ ቀይ ኔቡላ በኛ ካሜራ የሚደበዝዘው። አንድሮሜዳ ግን በአብዛኛው የከዋክብት ብርሃን ነው። ማጣሪያው እሱን ብዙም አይከለክልሽም። እኔ የአንድ አሮጌ ካሜራ ማጣሪያ ላወጣ ካቻቪቴ ይዤ ተቀምጬ ነበር። እንደ ወረቀት የሳሳች ሽቦ ቀደድኩ። ያ ካሜራ ዛሬ ፎቶ ቤቴ ውስጥ በር ይደግፋል።

ያንቺ ችግር ሰዓቱ ማነሱ ነው። 80 በ4 ስትመቺው 5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። ያ ብርሃን ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዓመት ተጉዞ ለመጣ እንግዳ አምስት ደቂቃ ብቻ በር ከፈትሽለት። አንድ ሰዓት አድርጊው። በ4 ሰከንድ 900 ፎቶ ይሆናል፤ ላፕቶፕሽ ያለቅሳል። ከላይ ለማራኪው ልጅ የነገርኩትን ጣውላ አሠሪና 60 ፎቶ በ60 ሰከንድ አንሺ። ከዚያ ሲሪል ላይ መጀመሪያ የጀርባውን ብርሃን አስወግጂ፤ አዘዞ የመንገድ መብራት አለበት፣ ያ ብርቱካናማ እድፍ ከሱ ነው። ቀጥለሽ ቀለሙን አመጣጥኚ፣ ብሩህነቱን በመጨረሻ ሳቢው። ቅደም ተከተሉን ካዛባሽው ግራጫ ነው የሚሆንብሽ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ማነሱን በተመለከተ፣ አንድሮሜዳ ሰማይ ላይ ሲለካ ስድስት ጨረቃ ተደርድራ ያህላል፤ 50 ሚሊ ሜትሩ ግን ሰፊ ነው፣ ከፎቶው ስፋት አንድ ስምንተኛ ብቻ ይይዛል። 135 ሚሊ ሜትር ሌንስ ፈልጊ። አዲስ አይሁን። የድሮ ፎቶ ቤቶችና ደርግ ዘመን ፎቶ ያነሱ አባቶች መሳቢያ ውስጥ የሩሲያ ዜኒት ካሜራ ከነሌንሱ አይጠፋም። ሌንሱ በብሎን ጥርስ የሚገባ ነው፣ ኤም 42 ይባላል። የኦሪዮን ኔቡላም መዝገብ ቁጥሩ ኤም 42 መሆኑ እኔን ሁሌ ያስቀኛል፤ ምንም ግንኙነት የላቸውም። ካኖን ካለሽ በቀጭን የብረት አስማሚ ይገጥማል፣ እስከ ኮከብም ፎከስ ይይዛል። ኒኮን ከሆነ አስማሚው ላይ ተጨማሪ መስታወት ካልገባ ሩቁን አይዝም፣ ስለዚህ ተይው።

ስትገዢ የስልክሽን ባትሪ አብርተሽ በሌንሱ አንድ በኩል ያዢና በሌላው እይ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየሽ ሻጋታ ነው፣ ክረምታችን ይወደዋል። አቧራ ቢኖርበት ግን አትደንግጪ፣ ዋጋ አስቀንሺበት። ካሜራ የምትጨምሪ ከሆነ ክዳኑን ገጥመሽ 30 ሰከንድ አንሺ፤ ጥቁሩ ላይ ስንት ነጭ ነጥብ እንዳለ ቁጠሪ። ሰርግ የሠራ ካሜራ እንደ ሚኒባስ ታክሲ ነው፣ ቀለሙ ሳይሆን ሞተሩ ነው የሚታየው። ይሄን የሚልሽ ሁለት እንደዚያ ያለ ካሜራ የሸጠ ሰው ነው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ አንድሮሜዳ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ይቆማል። ያን ጊዜ ጤዛ አለ፤ ከጥቁር ካርቶን አንድ ጭብጥ የሚረዝም ቱቦ ጠቅልለሽ ሌንሱ አፍ ላይ ግጠሚ። ያሁኑን 80 ፎቶም አትደምስሺው። የኅዳሩንም በዚያው በ50 ሚሊ ሜትሩ ካነሳሽ ከላይ ትደርቢበታለሽ።